ሚዛርን ለምን ቶሎ ገደሏት? ስለ 1972ቱ የጣሊያን ጃሎ እንወያይ

#1 · ሰብለ_ፊልም

ሰላም የሲኒማ ወዳጆች። በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፦ ገዳዩን ሳልደብቅ ነው የምናገረው። ፊልሙን ያላያችሁ አይታችሁ ተመለሱ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

የፊልሙ ርዕስ ረጅም ነው፤ «እነዚያ እንግዳ የደም ጠብታዎች በጄኒፈር ገላ ላይ ለምን?» ይላል። የወጣው በ1972 ነው። ዳይሬክተሩ ጁሊያኖ ካርኒሜኦ፣ ጸሐፊው ኤርኔስቶ ጋስታልዲ፣ መሪ ተዋናዮቹ ኤድዊጅ ፌኔክ እና ጆርጅ ሂልተን ናቸው። ጄኖቫ ከተማ ውስጥ አንድ ረጅም ዘመናዊ ፎቅ አለ። እዚያ ፎቅ ላይ ሴቶች ተራ በተራ ይገደላሉ።

ጃሎን ለማታውቁ ባጭሩ፦ ሞንዳዶሪ የሚባለው አሳታሚ ከ1929 ጀምሮ የወንጀል ልብ ወለዶችን በቢጫ ሽፋን ያወጣ ነበር። የፊልሙ ዘርፍ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቢጫ ቀለም ነው። ጥቁር ጓንት፣ ስለት፣ ያማሩ ሴቶች፣ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የማይታወቅ ገዳይ። ማሪዮ ባቫ በ60ዎቹ መንገዱን ጠረገ፤ ዳሪዮ አርጀንቶ በ1970 ገበያውን አነደደው። ከዚያ በኋላ ጣሊያን እነዚህን ፊልሞች እንደ ጉድ አመረተቻቸው።

እኔ መነጋገር የምፈልገው ስለ ሚዛር ነው። ካርላ ብራይት የተጫወተቻት ጥቁር ሴት ማለቴ ነው።

ሚዛር የምሽት ክበብ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ለየት ያለ ነው። መድረክ ላይ ትወጣና ከታዳሚው መካከል «ወንድ ነኝ» የሚል መጥቶ እንዲታገላት ትጋብዛለች። ይወጣሉ። ትጥላቸዋለች። ያንን ትዕይንት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ካሜራው ገላዋን እየላሰ ነው የሚያነሳት፤ እሱን አልክድም። ግን ፊቷን ተመልከቱ። አትለማመጥም፤ ለማንም ፈገግ አትልም። ያ ሁሉ ወንድ እየተንጠራራ ያያታል፤ እሷ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ታያቸዋለች። በዚያ ዘመን ፊልም ላይ ጥቁር ሴት እንዲህ ቆማ ማየት ብርቅ ነው።

ከዚያስ? ገዳዩ ቤቷ ድረስ መጥቶ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ያሰጥማታል። ፊልሙ ገና ሞቅ እያለ ነው፤ እሷ አለቀላት። ያን ሁሉ ወንድ የጣለች ሴት!

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ቤቱ ባዶ ሆነ አይደል? ጄኒፈር እና ጓደኛዋ ማሪሊን ይከራዩታል። ነጮቹ ጀግኖቻችን ሻንጣቸውን ይዘው የሟቿ አፓርታማ ውስጥ ይገባሉ፤ ዋናው ታሪክ የሚጀምረውም ያኔ ነው። በኋላ ማሪሊን በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ላይ፣ በሰው መሀል ስትወጋ ወንዱ መሪ ተዋናይ እቅፍ ውስጥ ነው የምትወድቀው። ሚዛርን የሚያቅፋት ሰው የለም። ቦታ ልቀቂ ተብላ የተገደለች ነው የምትመስለው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው 1972 ሰርጂዮ ማርቲኖ ከአሜሪካዊው ደራሲ ከኤድጋር አላን ፖው «ጥቁሯ ድመት» የተነሣ አንድ ጃሎ ሠርቷል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ይኸው ጋስታልዲ ነው፤ ፌኔክም አለችበት። እዚያም ብሬንዳ የምትባል ጥቁር የቤት ሠራተኛ አለች። የጌታዋን እናት ያማረ ቀሚስ ለብሳ ታያላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ትገደላለች። ሁለት ፊልም፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ጸሐፊ፣ ቶሎ የሚሞቱ ሁለት ጥቁር ሴቶች።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። እነዚህ ፊልሞች ውስጥ ልዩ ልዩ ዓይነት ሰው ሞልቷል። ግን ታሪኩን በማን ዓይን ነው የምናየው? ምን ትላላችሁ?

#2 · አቤል_ጄ

ሰብልዬ አሪፍ ርዕስ ነው። ፊልሙን ትናንት ማታ ነው የጨረስኩት። ሙዚቃው የብሩኖ ኒኮላይ ነው አይደል? እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሚዛር ስትሞት እኔም ደንግጫለሁ፤ ዋናዋ እሷ መስላኝ ነበር።

#3 · ዮናስ_ቦሎኛ

እህቴ፣ ያነሣሽው ነጥብ ከባድ ነው። የቤቱን ነገር በተለይ አልከራከርሽም። ግን ፊልሙን ከሌላ በኩል እንድታይው እፈልጋለሁ።

ፎቁ ውስጥ እነማን እንዳሉ እንቁጠራቸው። ጥቁሯ ሚዛር አለች። ሴቶችን የምታፈቅረው ሺላ አለች። ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆነው ፎቶ አንሺ አርተር አለ። ፊቱ የተበላሸ ልጇን ከሰው ዓይን ሸሽጋ የምታኖር አሮጊት አለች። ከእነሱ ሌላ ደግሞ ሁሉም የሚያከብራቸው፣ ቫዮሊን የሚጫወቱ፣ ፀጥ ያሉ ሽማግሌ ፕሮፌሰር አሉ። የሺላ አባት።

ተመልካቹ ማንን ይጠረጥራል? ጠባሳ ያለበትን ልጅ። ሺላን። የወሲብ ማኅበር የነበረውን የጄኒፈርን የቀድሞ ባል። ደም ሲያይ የሚርደውን አንድሪያን፣ ሂልተን የሚጫወተውን መሪ ሰው ራሱን። ሽማግሌውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ገዳዩ ግን እሱ ነው! ምክንያቱስ? «ልጄን አበላሽተውብኛል» ብሎ ነው ሴቶቹን የሚጨርሳቸው። የልጁን ፍቅር እንደ በሽታ ስላየ ነው።

እንግዲህ ፊልሙ ጥፋቱን የጣለው ማን ላይ ነው? በተለዩት ላይ አይደለም። የተከበረው፣ የተማረው፣ ነጩ አባወራ ላይ ነው። ይህ ለ1972 ጣሊያን ቀላል ነገር አይደለም። አገሪቱ ፍቺን የፈቀደችው በ1970 መጨረሻ ነው፤ ሕጉን ለመሻር ደግሞ በ1974 ሕዝበ ውሳኔ ተጠርቷል። ስለ ቤተሰብና ስለ ሥነ ምግባር አገር ምድሩ በሚናጥበት ሰዓት «ገዳዩ አባትየው ነው» ማለት ወኔ ይጠይቃል።

በነገራችን ላይ የፖሊስ ኮሚሽነሩን አስተውላችኋል? ሰው እየሞተ እሱ ቴምብር ይሰበስባል። ፊልሙ ለባለሥልጣን ያለው ንቀት እዚያ ላይ ይታያል።

#4 · ሰብለ_ፊልም

ዮኒ፣ የገዳዩን ነገር እቀበላለሁ። ጥሩ አድርገህ አየኸው። ግን እስቲ አንድ እርምጃ ወደፊት እንሂድ።

ጠባሳ ያለበት ልጅ ንጹሕ ነው፤ እሺ። ንጹሕ መሆኑን እስክናውቅ ድረስ ግን ፊልሙ ምን ሠራበት? አስፈራራን። በር ከፍቶ ፊቱን አሳየንና እንድንጮህ አደረገን። ሺላም ከዚህ አትለይም። ጄኒፈርን ባየቻት ቁጥር ሙዚቃው ይቀየራል። ፊልሙ መጀመሪያ «ተጠራጠሯቸው» ይለናል፤ መጨረሻ ላይ «አይ፣ እነሱ አይደሉም» ይላል። በመሀሉ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ግን ሙሉ በሙሉ በእነሱ ላይ የተሠራ ነው።

አርተርንም ጨምረህ ስለቆጠርከው ልመልስልህ። ሰውዬው ፊልሙ ውስጥ ሌላ ሥራ የለውም። ሰው እንዲስቅበት ብቻ ነው የመጣው። ሰው ስለሆነ የሚያዝነው፣ የሚፈራው ነገር ሊኖር ይገባ ነበር። አልሰጡትም።

#5 · ማይክ_እና_ቡም

እኔ ሥራዬ ድምፅ ነው፤ ማንም ያላነሣውን ላንሣ።

በዚያ ዘመን የጣሊያን ፊልም ሲቀረጽ በቦታው የሚያዘው ድምፅ አይጠቅምም ነበር። ተዋናዩ ከየአገሩ ይመጣል፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በስፓኒሽ፣ ሌላው በጣሊያንኛ ይናገራል። በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ባለሙያ የድምፅ ተዋንያን ሁሉንም በንጹሕ ጣሊያንኛ ይተኩታል። ዳቢንግ ማለት ነው። ፌኔክ ራሷ በእነዚያ ዓመታት ብዙ ጊዜ የምትሰማው በሌላ ሴት ድምፅ ነው።

ይህ ለውይይታችን ምን ያደርጋል? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጥቁሯ ተዋናይ ድምፅዋን ትነጠቃለች። ከየት እንደመጣች፣ ምን ቋንቋ አፏን እንደፈታችበት የሚናገር ምንም ምልክት አይቀርም። ሁለተኛው ግን በጎ ነው። የሆሊውድ የድሮ ፊልም ለጥቁር ሠራተኛ የሚሰጠው የተሰባበረ፣ የሚያስቅ አነጋገር እዚህ የለም። ሚዛር እንደማንኛዋም የጄኖቫ ነዋሪ አቀላጥፋ ነው የምትናገረው። እንዲያው ያጋጣሚ ነገር ሆኖ ዳቢንጉ ክብሯን ጠብቆላታል።

ሌላም አለ። ፌኔክ የተወለደችው አልጄሪያ ነው፤ አባቷ ማልታዊ፣ እናቷ ሲሲሊያዊት። ሂልተን ከኡራጓይ የመጣ ነው። መሪዎቹ ራሳቸው ስደተኞች ናቸው እኮ! ግን የእነሱ መጤነት በዳቢንግ ይታጠባል። ፌኔክ «ጄኒፈር» ሆና ቁጭ ትላለች። የሚዛርን ቆዳ ግን ስቱዲዮ አያጥበውም። ስለዚህ የማን ልዩነት እንደሚደበቅ፣ የማን ልዩነት ደግሞ ለትርኢት እንደሚወጣ መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል።

#6 · አቤል_ጄ

ማይክ፣ ይሄ ነጥብ ጭንቅላቴን ነው ያዞረው። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

#7 · እትዬ_ሙሉ_ሮማ

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ ሮማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የመጣሁትም በዚያው በ70ዎቹ ነው። ፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ግን ያን ዘመን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ያን ጊዜ ከኤርትራም ከኢትዮጵያም የመጣን ሴቶች አብዛኞቻችን ሰው ቤት ነበርን። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው የምንወጣው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ እንገናኝ ነበር። ሰብለ ያነሣሻት ብሬንዳ የምትባለው ሠራተኛ ለእኔ የፊልም ሰው አይደለችም። የማውቃት ልጅ ናት።

ስለ ዘውዲ አርአያ ማንም አለማንሣቱ ገርሞኛል። ደቀመሓረ የተወለደች ልጅ ናት። በ1972 ሉዊጂ ስካቲኒ ሲሸልስ ወስዶ ፊልም ሠራባት፤ «የጨረቃ ገላ ያላት ልጅ» የሚለውን። በአንድ ጊዜ አገር ሁሉ አወቃት። መጽሔቱ ሁሉ እሷ ነበረች። እኛ ደስ ብሎን ነበር፤ መቼስ የእኛ ልጅ ናት፤ እንደ ዝናብ ደመና ያማረች። ግን ማታ ማታ ሌላ ነገር መጣ። የምሠራበት ቤት እንግዳ ሲመጣ እኔን እያዩ ስሟን ያነሡ ጀመር። ሻይ ይዤ ስገባ ጨዋታው ይቆማል፤ ዓይናቸው ከእግሬ ይጀምራል። በፊት ሠራተኛ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛም ገላም ሆንኩ።

ይህ ነገር በፊልም የጀመረ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን የሚያውቁት ነው። ሞሶሊኒ አገራችንን ሊወርር ሲነሣ ወታደሩን በሐበሻ ቆንጆ ዘፈንና በፖስትካርድ ነው የደለለው። ከገቡ በኋላ ደግሞ በ1937 ሕግ አወጡ። ጣሊያናዊ ወንድ ከእኛ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ከኖረ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ፍቅሩንና ትዳሩን ነው የከለከለው። እንደ ዕቃ መጠቀሙን አልከለከለም። ሚዛርን ሁሉም ሲመኛት፣ ስትሞት ግን አንድም ሰው ሲያለቅስላት ያላያችሁት ለዚህ ነው። እኔ እንደዚያ ነው የሚገባኝ።

ዘውዲ በኋላ ተገላገለች። በ1979 የሰርጂዮ ኮርቡቺ «የናፖሊ ጃሎ» ላይ ከማስትሮያኒ ጋር ተጫውታለች። ያም የግድያ ምሥጢር ነው፤ ግን ሳቅ አለበት። ፕሮዲዩሰሩን ፍራንኮ ክሪስታልዲን አገባች፤ «አማርኮርድ»ን እና «ሲኒማ ፓራዲዞ»ን ያሠራውን ሰውዬ። በኋላ ራሷም ፕሮዲዩሰር ሆነች። ከካሜራው ፊት ወደ ካሜራው ኋላ ማለት ይኼ ነው።

#8 · ሰብለ_ፊልም

እትዬ ሙሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ፍቅሩንና ትዳሩን ነው የከለከለው» ያሉት ነገር ቁጭ አድርጎ አሳሰበኝ። ሚዛርን ደግሜ ሳይ በሌላ ዓይን ነው የማያት።

#9 · ጥቁር_ጓንት

ይቅርታ አድርጉልኝና ትንሽ ልቃወም። የ50 ዓመት ፊልም ላይ የዛሬ መለኪያ መጫን ተገቢ ነው? እነዚህ ሰዎች በጥቂት ሳምንት፣ በትንሽ ገንዘብ ፊልም ጨርሰው ለገበያ የሚያደርሱ ሠራተኞች ናቸው። ጃሎ ላይ ነጭ ሴቶችም ይታረዳሉ። ፌኔክስ ራሷ ስንቴ ተራቁታለች? ገላ ማሳየትና ደም ማፍሰስ የዘርፉ ባሕርይ ነው። ሚዛርን ለብቻዋ ነጥሎ ማውጣት ትንሽ ማጋነን ይመስለኛል። እኔ ፊልሙን ስለ ቀለሙ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ደረጃው ጥላ ነው የምወደው።

#10 · ዮናስ_ቦሎኛ

ጓንት፣ ውበቱን እኔም እወዳለሁ። ግን «ያኔ እንዲህ ነበር» የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። በዚያው በ1972 ሌላ የሠራ ሰው አለ። ሉቺዮ ፉልቺ። «ዳክዬን አታሠቃይ» የሚለውን ፊልሙን አይተኸዋል?

ደቡብ ጣሊያን አንድ መንደር ውስጥ ሕፃናት ይገደላሉ። ማቻራ የምትባል ብቸኛ ሴት አለች፤ መተተኛ ናት ይሏታል። የተጫወተችው ብራዚላዊቷ ፍሎሪንዳ ቦልካን ናት። ፖሊስ ይዟት ነበር፤ ንጹሕ መሆኗ ሲታወቅ ይለቃታል። የመንደሩ ወንዶች ግን አልለቀቋትም። መቃብር ቦታ ያገኟትና በሰንሰለት ይቀጠቅጧታል። ሬዲዮ ተከፍቷል፤ ኦርኔላ ቫኖኒ የፍቅር ዘፈን ታዜማለች። ፉልቺ ካሜራውን አያሸሽም። ቆዳዋ ሲቀደድ ታያለህ፤ ዘፈኑ ግን አይቆምም። ከዚያ በደረቷ እየተሳበች ዳገቱን ወጥታ አውራ ጎዳናው ዳር ትደርሳለች። ለዕረፍት የሚሄዱ ቤተሰቦች በመኪና ያልፋሉ። ያዩዋታል። አንድም አይቆምም።

እዚያ ትዕይንት ላይ እኛ ከማን ጋር ነን? ከእሷ ጋር ነን፤ ከመሬቱ ጋር ተጣብቀን። ፉልቺ ያደረገው ይህን ነው። ሴትየዋ እዚህም ትሞታለች፤ እዚህም ደም አለ፤ ሰብለ ያለችው ግን ስለ መሞት አይደለም። በማን ዓይን ነው የምናየው ነው ያለችው። ካርኒሜኦ ሚዛር ስትሞት የሚያሳየን ገዳዩ የሚያየውን ነው።

#11 · ትርሲት_ቶሪኖ

እኔ ደግሞ አርጀንቶን ላምጣ፤ የምኖረው «ጥልቁ ቀይ» የተቀረጸበት ከተማ ስለሆነ በየቀኑ አደባባዩን አልፋለሁ።

ሰውዬው ተሻሽሏል ብዬ አምናለሁ። የ1970ው የመጀመሪያ ፊልሙ ላይ ፖሊስ ተጠርጣሪ ብሎ ሰው ሲያሰልፍ የሴት ልብስ የለበሰ ሰው ይመጣና ይሳቅበታል፤ ትዕይንቱ በዚያ ያልቃል። በ1971 ግን «አራት ዝንቦች» ላይ ዣን ፒየር ማሪየል የተጫወተው የግል መርማሪ አለ። ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው፤ መጀመሪያ ያስቃል። በሥራው ዘመኑ ሁሉ አንድም ጉዳይ ተሳክቶለት አያውቅም። ይህን ግን ይፈታል! ገዳዩን የሚያገኘው እሱ ነው። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሲሞት እኔ አልቅሻለሁ። ምክንያቱም ፊልሙ ጊዜ ሰጥቶ አሳውቆኛል።

በ1975 ደግሞ «ጥልቁ ቀይ» መጣ። ካርሎ ወንድ ፍቅረኛ አለው፤ ያፍራል፤ ይጠጣል። ጓደኛው ማርክ ሲያውቅ ምን ያደርጋል? ምንም። ነገሩን እንደ ነገር አይቆጥረውም፤ ጨዋታውን ይቀጥላል። ፍቅረኛውን የተጫወተችው ሴት ተዋናይ ናት፤ ጀራልዲን ሁፐር። ጋዜጠኛዋ ጃና ደግሞ ማርክን በክንድ ትግል ትጥለዋለች። ሚዛርን ሳነብ እሷ ትዝ አለችኝ። ልዩነቱ ጃና ወንዱን ጥላም በሕይወት ትኖራለች። ነጭ ስለሆነች ነው? እኔ አዎ ነው የምለው።

#12 · ጥቁር_ጓንት

ትርሲት፣ የጃናን ነገር አስቤው አላውቅም። የፉልቺን ፊልም ዛሬ ማታ አያለሁ። ግን ያንን ጥያቄዬን አልተውኩም፤ ያኔ ይህ ነገር ማንንም ቅር ያሰኘ ነበር ወይ?

#13 · እትዬ_ሙሉ_ሮማ

ጓንት ልጄ፣ እኔን ቅር ያሰኝ ነበር። ጓደኞቼንም ቅር ያሰኝ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ተርሚኒ ስንገናኝ የምናወራው ይኼንኑ ነበር። «ያኔ ማንም አላማረረም» የሚባለው እኛን ማንም ስላልጠየቀ ነው። ጋዜጣ ላይ አልጻፍንም፤ ፊልም አልሠራንም፤ ወረቀታችን እንኳ በአሠሪያችን እጅ ነበር። ሲኒማ ቤት ግን እንገባ ነበር፤ ትኬት እንደማንኛውም ሰው ከፍለን። ተመልካቹ ውስጥ እኛም ነበርን።

#14 · ሰብለ_ፊልም

እትዬ ሙሉ ካሉት በላይ እኔ የምጨምረው የለም።

ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ፊልም ላቅርብ። የኡምቤርቶ ሌንዚ የ1975 ጃሎ ነው፤ «በጠመዝማዛ የመስታወት መንገድ ውስጥ ቀይ ድመቶች» ይላል የጣሊያንኛው ርዕስ። አሜሪካውያን ቱሪስቶች ባርሴሎና ውስጥ በአውቶቡስ ይዞራሉ፤ ቀይ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው ይገድላቸዋል። ከተሳፋሪዎቹ አንዷን የተጫወተችው ኢነስ ፔሌግሪኒ ናት፤ ኤርትራዊ ዝርያ ያላት፣ ዳይሬክተሩ ፓዞሊኒ በ1974 የ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት»ን ዋና ሴት ያደረጋት። እዚህ ሞዴል ናት፤ ከሴት ፎቶ አንሺ ጋር ጥንድ ሆና ነው የምትጓዘው። ሠራተኛ አይደለችም፤ መድረክ ላይም አትጨፍርም። ከሌሎቹ ጋር አንድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣለች፤ እንደሌሎቹም ትጠረጠራለች።

ስታዩ አንድ ነገር እንድትከታተሉልኝ እፈልጋለሁ። ካሜራው እሷ የምታየውን የሚያሳየን ስንት ቦታ ላይ ነው? ደቂቃውን እየያዛችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። ዮኒ፣ ለሚዛርም አንተ ያዝልኝ።